ሁለት የአዋቂ እርምጃ

የቀበሌው ሰው መጥቶ ደብዳቤውን አነበበ፣
መነጽሩ በትንፋሹ ጉም ለበሰ፣ ዓይኑ ጠበበ፤
«እንግዲህ መቼና እንዴት እንደምትከፍቱ
ምከሩበት» ብሎ ሄደ፣ ሌላ ሰፈር አለ ከፊቱ።

እኛ ከወደቡ ዳር፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር፣
በወንበር ተራርቀን፣ እንደ ጎረቤት አገር።
ሁለት የአዋቂ እርምጃ።
ግን በማን እርምጃ? ባለጀልባው ሙሉዓዳም ሲራመድ ይዘላል፣
ልብስ ሰፊው ኑርዬ ክር የሚለካ ይመስላል።

እትዬ ጥሩዓለም አሳ ቤቷን አነሳች፤
«ፍሪጁን ነቅያለሁ» አለች፣
«ብረት ድስቱ ዝጓል፤ አራቱም ልጆች ተበተኑ በየአገራቸው፣
ደውዬ ‹ኑ› ብላቸው፣ በምን አፌ ‹ሂዱ› ልበላቸው
በሳምንቱ ደግሞ ቢዘጋ?
ቀረሶ ሰው አይጠብቅም፤ ካደረ የለውም ዋጋ።»

ሙሉዓዳም ቀጠለ፤ «አስር ሰው ትጭን የነበር ጀልባ
አምስት ትጫን ተባለ፤ እሺ፣ አምስት ሰው ይግባ፤
ሞተሩ ግን ግማሽ መጠጣት አያውቅም፤ ደሴቱም አልቀረበ፣
እምቦጩ ብቻ ነው፣ ማንም ሳይፈቅድለት እስከ ገመዴ የተሳበ።»

ኑርዬ ዝም አለ። እሱ መቼ ዘጋ፤
ከገበር፣ ከአሮጌ አንሶላ፣ የሁላችንን አፍ ሲሰፋ ነው የሚነጋ።

ተራው የእኔ ደረሰ።
ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ምላጭ በሩቅ አይሠራም፤
ክንዴ ከነመቀሱ ቢለካ አንድ እርምጃ አይሞላም።
«ሰኞ እንክፈት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የቤት ኪራይ ሦስት ወር፣
እቁቡ፣ መብራቱ፣ እያልኩ ስደረድር፣
ዓይኔ ወንበሮቹን ቆጠረ።
አስር ነን። ወንበሩ አስራ አንድ ነው። ማን እንደደረደረው እንጃ፣
ከሁላችንም ሁለት እርምጃ፣
የቲኬት ቆራጩ የደምሰው ቦታ፣ ከዚያው ከልማዱ፣
ፊቱ ወደ ውሃው፣ ጀርባው ወደ መንገዱ።
ቀብሩ ላይ ስንት ነበርን? ከአጥር ውጭ ነው የቆምነው፤
እድሩ ድንኳን አልጣለም፤ «ነፍስ ይማር» ያልነው በስልክ ነው።

ዝም አልኩ።
ባለቤቱ ብርቄ፣ ከኋላ ቆማ የሰማችን፣
መጥታ እዚያው ወንበር ተቀመጠች፤ አላየችም አንዳችንን።
«ክፈቱ» አለች። «እኔም ሱቄን እከፍታለሁ፤
ሐዘን ሳሙና አይገዛም፤ አይቼዋለሁ።
ብቻ ውሃውን በር ላይ አስቀምጡ፣
የታመመ ሠራተኛ ቤት ሲውል፣ ደሞዙን እንዳትቆርጡ።
የእኔ ሰውዬ እያሳለ የወጣው ለአንድ ቀን አበል ነው።»
ሙሉዓዳም ጫማውን አየ።
ከውሃው አንድ ፔሊካን ተነሳ፤ ሌሎቻችን እሱን አየነው።

ቀን ሳንቆርጥ ተነሳን።
እኔ ከሦስቱ ወንበሬ ሁለቱን ወደ ጓሮ አወጣሁ፣
ከደጃፌ እስከ መንገዱ በኖራ መስመር አሰመርኩ፣ ጠበቅሁ።

ሐሙስ የደምሰው ልጅ መጣ፣ አርባው ባለፈ በማግሥቱ፣
የሐዘን ጢሙ እንደ ቄጠማ ወርዶ እስከ አንገቱ።
አትንኩት ይባላል፤ ስሙ እንኳ ደንብ ነው።
«ላጨኝ» አለ።
ማስክ አድርጎ ጢም አይላጭም። ይህን በስብሰባው ማንም አላነሳም፤
ደብዳቤው ላይም የለም። እሱ ፈታው፤ የእኔ እጅ አልተነሳም።
ከዚያ ተነሳ። በሩን ከነመስኮቱ ከፈትኩ፣ ሐይቁ ይግባ ብዬ፣
ትንፋሼን ይዤ ላጨሁት፣ እየወጣሁ ተንፍሼ፣ እየተመለስኩ ከፋፍዬ።
እሱም ይይዛል። በመስታወት እንተያያለን፣ ጠላቂ ዋናተኞች ይመስል፣
ከአረፋው ሥር አባቱ ቀስ እያለ ብቅ ሲል።

ሒሳብ አልቀበልም አልኩ፤ ተቆጣ፤ ተቀበልኩ።
ምላጩን ጣልኩ፣ ፎጣውን ቀቀልኩ፣
ለሚስቴ ደውዬ፣ ከሱቁ ወለል አደርኩ።

ልክ ነበርኩ ወይ? እንጃ።
አስራ አራት ቀን ነው የሚሉት፤ በመስታወቱ ጠርዝ በእርሳስ እጭራለሁ፣
ጠዋት ጠዋት ለአትንኩት እደውላለሁ፣
«አለሁ» ይላል። «አለሁ» እላለሁ።
ዛሬ ዘጠነኛው ነው።